አትላስና ብስክሌት
(በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዕለት ዕለት ከሚያከናውናቸው ተግባሮች ዋነኛው መጽሐፍን ለአንባቢ ማስረከብ ነው። መጽሐፉ የወጣበት ቀን ይመዘገባል፤ የተመለሰበትም ቀን እንዲሁ ይመዘገባል። በሁለቱ ቀናት መካከል በአንባቢው ልብ ውስጥ ምን እንደ ተጠነሰሰ ግን በማንኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ዛሬ ለዚህ ጉባኤ የቀረበው ርእስ ይህንኑ የማይመዘገበውን ነገር የሚመለከት ነው።

የርእሱ ባለቤት ደርቭላ መርፊ የተባለች የአየርላንድ ተወላጅ ናት። ከ1931 እስከ 2022 በሕይወት የኖረች፣ ከ20 በላይ መጻሕፍትን የደረሰችና አብዛኛውን ዕድሜዋን በብስክሌትና በእግር በመጓዝ ያሳለፈች ደራሲ ነበረች። ለኢትዮጵያም ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም፤ በ1959 ዓ.ም. የሰሜኑን ደጋ በእግሯ አቋርጣ ስለ ጉዞዋ አንድ መጽሐፍ ጽፋለችና። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የንግግሩ ዓላማ የጀብዱ ታሪክ መተረክ አይደለም። ጀብዱን መተረክ ቢፈለግ ኖሮ ከእሷ የበለጠ ርቀት የተጓዙና ከእሷ የከፋ መከራ የተቀበሉ ብዙዎች አሉ። ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ከመጽሐፍ የተገኘ ምኞት ወደ እውቀት የሚለወጠው፣ ባለ ምኞቱ የሰው ደጅ ለመቆምና የሰው ቃል ለመስማት እስከሚገደድ ድረስ ዝግ ብሎ ሲሄድ መሆኑን ነው።

ደርቭላ መርፊ የተወለደችው በደቡብ አየርላንድ፣ በዋተርፎርድ አውራጃ፣ ሊዝሞር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የአውራጃው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ቤተሰቡ ከደብሊን ወደዚያች ከተማ የመጣውም በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልጅቱ የሙያ ባልደረባችሁ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። በቤቱ ውስጥ ገንዘብ ቢጎድልም መጽሐፍ አልጎደለም።

በ1941 ኅዳር ወር 10 ዓመት ሲሞላት ሁለት ስጦታዎች ደረሷት። ወላጆቿ አሮጌ ብስክሌት ገዙላት፤ አያቷ ደግሞ አሮጌ አትላስ ላኩላት። ሁለቱም ሌላ ሰው የተገለገለባቸው ዕቃዎች ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሊዝሞር አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አቀበት ላይ ፔዳሉን እየረገጠች ስትወጣ እግሮቿን አየች። እነዚህ እግሮች እንዲህ መርገጣቸውን ካላቋረጡ አንድ ቀን ሕንድ ያደርሱኛል ስትል አሰበች። በዚያው ቅጽበት ውሳኔው ተወሰነ። ሐሳቧን ለማንም አልተናገረችም፤ ትልልቆቹ እንደሚስቁባትና የልጅ ቅዠት ነው ብለው እንደሚያልፉት ታውቅ ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስተዋል ያስፈልጋል። አትላሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሕንድ በወረቀት ላይ የተቀባች ምድር ሆና በቀረች ነበር። ብስክሌቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ልጅቱ ከመንደሯ ኮረብታ ባላለፈች ነበር። አትላሱ አቅጣጫን ሰጣት፤ ብስክሌቱ ልክን ሰጣት። ዓለም ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ በጭኗና በትንፋሿ እየለካች እንድታውቅ አደረጋት።

ይሁን እንጂ ከውሳኔው እስከ ጉዞው 21 ዓመት አለፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ክፍል ይህ ነው። እናቷ ገና በወጣትነታቸው በመገጣጠሚያ በሽታ ተይዘው አካላቸው ታስሮ ነበር። አስታማሚ ማግኘት ስላልተቻለ ደርቭላ 14 ዓመት ሲሆናት ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን ለመጦር ከቤት ቀረች። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ 16 ዓመት ያህል ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማጉረስና ሌሊት መነሣት የዕለት ኑሮዋ ሆነ።

እናቲቱ ልጃቸው ያደረባትን የጉዞ ናፍቆት ያውቁ ነበር። በብስክሌት ወጣ ብላ እንድትመለስ የመከሯትና ያበረታቷት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓመታት አባቷ ቤቱን ሊጠብቁላት በሚችሉባቸው ጥቂት ሳምንቶች ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እስፓኝ በብስክሌት እየሄደች ተመልሳለች። ጊዜው ሲያልቅ ግን መሪውን ወደ ሊዝሞር ታዞራለች። የእናቷ ሕመም እየጸና ሲሄድ እነዚህም ጉዞዎች ቀሩ። በ1979 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ የእነዚያን የመጨረሻ ዓመታት ምሬት ሳትሸሽግ ጽፋዋለች። ወላጅን መጦር ቅዱስ ተግባር ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እሷ ግን ፍቅርና ቂም በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ፣ የደከመ ሰው የሚወደውን ሰው እንኳ እንዴት ሊጠላ እንደሚቃጣው ገልጣለች። አባቷ በ1961፣ እናቷ በ1962 አረፉ። ነጻነቷን ያገኘችው በሁለት መቃብር በኩል ነው።

በ1963 ጥር 14 ቀን ከፈረንሳይ የወደብ ከተማ ከደንከርክ ተነሣች። ዕድሜዋ 31 ዓመት ነበር። ብስክሌቷ አርምስትሮንግ ካዴት የተባለች ከባድና ጠንካራ ብስክሌት ስትሆን፣ በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮዚናንቴ ብላ ሰይማታለች። ብስክሌቷ ባለ 3 ማርሽ ነበረች፤ ደርቭላ ግን የማርሽ መለወጫው ለእስያ መንገድ አይበረታም ብላ አስወለቀችው። ምክንያቷ ቀላል ነው፤ በረሓ መካከል ሲሰበር የሚጠግነው ሰው የማይገኝለት ዕቃ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል። ትርፍ ጎማዎችን ቀደም ብላ በመንገዷ ላይ ወደሚገኙ ከተሞች በፖስታ ላከች። ልብስ ጥቂት፣ መጽሐፍ ጥቂት፣ አንዲት ትንሽ ሽጉጥም ያዘች። ስንቋ ይኸው ነበር።

የዚያ ዓመት ክረምት አውሮፓን ለብዙ ዓመታት ያልታየ ብርድ ያመጣበት ነበር። በረዶው መንገዱን ሲዘጋው በባቡርና በከባድ መኪና የተሳፈረችበት ጊዜ አለ። ይህንንም አልደበቀችም፤ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በፔዳል ረግጫለሁ ብላ አልተመጻደቀችም። በዩጎዝላቪያ ሌሊት ተኵላዎች ሲያጠቋት ሽጉጧን ተኵሳ አመለጠች። በቱርክ ምሥራቅ አንድ ሰው በሌሊት ወደ ተኛችበት ክፍል ሲገባባት ወደ ጣሪያው ተኵሳ አባረረችው። ከዚያ በኋላ ፋርስን፣ አፍጋኒስታንንና ፓኪስታንን አልፋ በሐምሌ ወር ዴልሂ ገባች። ጉዞው 6 ወር ፈጀ። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ በ1965 ታተመ።

ሰዎች ደፋር ሲሏት አትቀበልም ነበር። ድፍረት ማለት ፈርቶ፣ ፍርሃቱን አሸንፎ መሄድ ነው፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ያልፈራ ሰው ደፋር ሊባል አይገባውም ትል ነበር። ለእሷ ከዚህ ጉዞ የሚበልጥ ፈተና በሊዝሞር ቤት ውስጥ ያለፉት ዓመታት ነበሩ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

በጉዞው ውስጥ ከደረሱባት አደጋዎች አንደኛው ልብ ሊባል ይገባዋል። በአፍጋኒስታን የጎድን አጥንቶቿ የተሰበሩት ከብስክሌት ወድቃ አይደለም፤ በአውቶቡስ ተሳፍራ ሳለች በተነሣ ጠብ የጠመንጃ ሰደፍ አርፎባት ነው። ይህም ሆኖ በዚያ ጉዞ ካየቻቸው ሀገሮች ሁሉ አብልጣ የወደደችው አፍጋኒስታንን ነው። በየሻይ ቤቱ ወለል ላይ ከነጋዴዎችና ከእረኞች ጋር አድራለች፤ ምንም ከሌላቸው ሰዎች ዳቦና ሻይ ተቀብላለች፤ ሊከፈላቸው ሲቀርብ እጃቸውን የሰበሰቡትን ሰዎች በማስታወሻዋ መዝግባለች። አንድ ሰደፍ የሰነዘረ ሰውና ብዙ ያስጠለሉ ሰዎች በአንድ ሀገር እንደሚኖሩ ያወቀችው በሁለቱም እጅ ላይ ስለ ወደቀች ነው።

በሰሜን ፓኪስታን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የባቡሳርን በር ያለፈችበት ሁኔታ የብስክሌተኛን ኑሮ በሙሉ ያሳያል። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር፤ ጎማው ሊሽከረከርበት የሚችል መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የተሸከመቻትን ብስክሌት በተራዋ ተሸከመቻት። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው አውራጃ ቆላ ውስጥ ሙቀቱ ራሷን ሊያስታት ደርሶ ነበር። ካርታ ላይ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ጣት የሚሸፈኑ ናቸው። አንድ ጣት በረዶንና እሳትን ሊሸፍን እንደሚችል አትላሱ አልነገራትም ነበር።

እንግዲህ ብስክሌት ለመንገደኛ የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው? እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ዕቃ የጫነ ብስክሌተኛ በደልዳላ መንገድ ላይ የዚህን ሦስት እጥፍ ቢሄድ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ለሰላምታ መልስ መስጠት ይችላል። የጤፍን ክምር ከስንዴው ይለያል፤ የጢሱን ሽታ ያሸታል፤ ውሻው ሲጮህ ጌታው ሲቆጣው ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን ብስክሌት በር የለውም። በመኪና የሚሄድ ሰው ዝናብ ሲመጣ መስተዋቱን ይዘጋል፤ ያልወደደው ሰው ሲጠጋው ነዳጁን ይረግጣል። ብስክሌተኛ ግን ከዝናቡ የሚጠለለው በሰው ቤት ነው፤ ከመነዳሪው ሲፈነዳ የሚረዳው በመንገድ ያገኘው ሰው ነው። ሲመሽበት የሚያድረው ባለቤቱ እሺ ካለው ብቻ ነው። ይህ ጥገኝነት የጉዞው ጉድለት ይመስላል። ደርቭላ መርፊ በመጻሕፍቷ ያሳየችው ግን የእውቀቷ ምንጭ ይኸው ጥገኝነት መሆኑን ነው። ማታ ማታ፣ ምንም ያህል ብትደክም፣ የዕለቱን ነገር በማስታወሻዋ ትጽፍ ነበር። የበላችውን፣ የሰማችውን፣ የተከራከረችበትን፣ ያፈረችበትን ሁሉ ትመዘግባለች። የመጀመሪያው መጽሐፏ የተሠራው ከእነዚህ የዕለት ማስታወሻዎች ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ መጣች። በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ምጽዋ ወረደች። የሰሜኑን ገደላገደል ጎማ እንደማይደፍረው አውቃ ነበርና መጓጓዣዋን ለሀገሩ ተፈጥሮ አስማማች። መቀሌ ስትደርስ ልዕልት አይዳ ደስታ በቅሎ እንድታገኝ ረዷት። በቅሎውን በአሳታሚዋ የቤት ስም ጆክ ብላ ጠራችው። በአክሱም፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደር፣ በጣና ዳርና በላሊበላ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። በቅሎው መንገዱን ሳይፈጽም ደክሞ ስለ ቀረ ጭነቱ ወደ አህያ ተላልፏል።

በኢትዮጵያ ደጋ የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝና አሳድሩኝ ማለቱ እንደ ሆነ የቤቱ ሰዎች ያውቃሉ። ደርቭላ መርፊ በገበሬዎች ቤት ያደረችባቸው ሌሊቶች በዚህ የቆየ ሕግ ጥላ ሥር የዋሉ ነበሩ። እንጀራውን በልታለች፤ ጠላውን ጠጥታለች፤ ቁንጫውንና ትኋኑንም ችላ አድራለች። በሌላ በኩል በመንገድ ላይ ሽፍቶች ዘርፈዋታል። ሁለቱንም ጻፈች። መጽሐፉ በ1968 ሲታተም የዚያን ዘመን ደጋ ከመኪና መንገድ ርቆ የነበረውን ኑሮ ከውስጡ አድሮ ያየ ሰው ምስክርነት ሆነ።

ይህ ማለት ግን ያየችውን ሁሉ ተረድታዋለች ማለት አይደለም። አማርኛም ሆነ ትግርኛ አታውቅም ነበር። ቋንቋ የሌለው እንግዳ የባለቤቱን ፊት እንጂ ሐሳቡን አያነብም፤ ዝምታን ጥላቻ፣ ጥንቃቄን ንፍገት አድርጎ ሊተረጉም ይችላል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥም የኢትዮጵያ አንባቢ አይደለም፣ እንዲህስ አይደለም የሚልባቸው ገጾች አሉ። ዝግ ብሎ መሄድ ለእውቀት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን እነዚያ ገጾች ይመሰክራሉ። መጽሐፉን በመደርደሪያ የሚያኖር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሀገሬው ሰው ስለ ራሱ የጻፈውንም ከጎኑ ማኖር የሚገባው ስለዚህ ነው።

አማርኛ «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚል ተረት አለው። በደርቭላ መርፊ ሕይወት ውስጥ ተረቱ ተገልብጦ ይታያል፤ ሩቅ አድራ ቅርቡን የዘነጋችበት ዘመን ነበር። ሕንድን፣ ኔፓልንና ኢትዮጵያን ካየች በኋላ እንኳ የገዛ ደሴቷን ሰሜናዊ ክፍል አታውቀውም ነበር። ሰሜን አየርላንድ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል በተነሣው ግጭት ደም የሚፈስባት ምድር ነበረች። አባቷ በወጣትነታቸው ለአየርላንድ ነጻነት በመታገላቸው በእንግሊዝ እስር ቤት የታሰሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልጅቱ ያደገችው ወገኑ በታወቀ ቤት ነው፤ ስለ ሰሜኑ ፕሮቴስታንቶች የነበራትም አስተያየት በአብዛኛው ከዚያው ቤት የወረሰችው ነበር።

በ1976 ብስክሌቷን ይዛ ድንበሩን ተሻገረች። በዚያ ሀገር የሰው ስም፣ የተማረበት ትምህርት ቤትና አነጋገሩ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ያጋልጣሉ። እሷም አፏን በከፈተች ቁጥር ከደቡብ መምጣቷ ይታወቅባታል። ቢሆንም ከሁለቱም ወገን ቤት ገባች፤ ከሁለቱም ሻይ ጠጣች፤ የሁለቱንም ሟቾች ታሪክ ሰማች። በአፍጋኒስታን የተማረችውን ማለት በማያውቁት ሰው ደጅ ተቀምጦ ማዳመጥን ከቤቷ የአንድ ቀን መንገድ በሆነ ስፍራ ላይ አዋለችው። በ1978 የታተመው መጽሐፍ በውርስ የተገኘ አስተያየቷን እንዴት እንደ ፈተነችው የሚገልጽ ነው፤ ለሰላምና ለመግባባት ለሚረዱ ጽሑፎች የሚሰጠውን የዩዋርት ቢግስ መታሰቢያ ሽልማት አግኝቷል። ከዴልሂው ጉዞ ይልቅ ይህኛው አጭሩ ጉዞ ከእሷ ብዙ እንደ ጠየቀ ማየት አያዳግትም። የሩቁን ሕዝብ ለመውደድ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው፤ የጎረቤትን በደል ለመስማት ግን የራስን በደል አብሮ መስማት ያስፈልጋል።

በ1992፣ 60 ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ከኬንያ እስከ ዚምባብዌ በብስክሌት ተጓዘች። ያሰበችው ከሥራና ከጭንቀት ማረፍን ነበር። ይሁን እንጂ በየመንደሩ ሰዎች የሚያነሡላት ነገር አንድ ሆነ፤ የኤድስ በሽታ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አያቶች፣ ባሎቻቸው ከሩቅ ሥራ ታመው የተመለሱባቸው ሚስቶች፣ ተማሪዎቻቸው የቀነሱባቸው መምህራን ያጋጥሟት ነበር። ልጽፈው ያሰብኩት ይህ አይደለም ብላ አላለፈችም። መጽሐፉን በስዋሂሊ የበሽታው መጠሪያ በሆነው ቃል «የኡኪምዊ መንገድ» ብላ ሰየመችው። ተጓዡ የጉዞውን ርእስ እንደማይመርጥ፣ ርእሱን የሚሰጡት በመንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች እንደ ሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ2022 ግንቦት ወር በተወለደችበት በሊዝሞር በ90 ዓመቷ አረፈች። ዓለምን ስትዞር የኖረች ሴት ከተወለደችበት ከተማ ሌላ ቋሚ መኖሪያ አልመሠረተችም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ሕይወት ለዚህ ማኅበር የሚተርፈው ቁም ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ለሙያው ይሆናል። በ1941 ለአንዲት ልጅ የተሰጠው አትላስ አዲስ አልነበረም፤ ውድም አልነበረም። ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ የተጣለ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቆጨ ነበር። ለልጅቱ ግን በትክክለኛው ቀን ደረሰ፤ ፍሬውም የታየው ከ21 ዓመት በኋላ ነው። አያቷ ያንን አትላስ ሲልኩ የምትሄድበትን አልወሰኑላትም፤ ገጹን ከፍታ የምታይበትን ዕድል ብቻ ሰጧት። በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ቤተ መጻሕፍት ጠርዙ የተበላ ካርታ በእጁ ይዞ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ ሲታይ፣ ሰዓቱ ደረሰ ተብሎ ከመነሣቱ በፊት ይህ ታሪክ ቢታወስ መልካም ነው።

ሁለተኛው ለሰውነት ይሆናል። በዘመኑ ወሬ ከመንገደኛው ሁሉ ይቀድማል፤ ያልታየ ሀገር በአንድ ደቂቃ ይፈረድበታል፤ ያልተነገረ ሰው በአንድ ቃል ይወገዛል። ደርቭላ መርፊ ግን በመሸ ጊዜ ከማያውቀው ሰው አጥር ውጭ ቆሞ የተጣራ፣ በሩም የተከፈተለት ሰው፣ በማግስቱ ስለዚያ ቤት ሲናገር ቃሉን እንደሚመጥን በራሷ ሕይወት አሳይታለች። ሁሉም ሰው ሕንድ ድረስ ይሂድ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው፣ እሷ ለ16 ዓመት እንዳደረገችው፣ ከሚጦረው ሰው አልጋ አጠገብ መዋል አለበት። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሰው ቤት የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅ፣ ስሙ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ጎረቤት አለ። ወደዚያ ለመሄድ አሮጌ ብስክሌት ይበቃል።